ከደሴ ወጥቶ ባሕር ማዶ ለዓመታት ለሚኖር ሰው፦ ፓስፖርት፣ ኢቃማ፣ ውክልናና ግብር

ሪያድ ወይም ዱባይ ላይ የሚፈነዳ የወረቀት ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነሰሰው እዚሁ ደሴና ኮምቦልቻ ነው፤ ቀበሌ መዝገብ ቤት፣ ጸሐፊ ጠረጴዛ ወይም ኢንተርኔት ካፌ። ቪዛው ሲገኝ ሁሉም ይቸኩላል። ቸኩሎ የተጻፈች አንዲት ፊደል ከአምስት ዓመት በኋላ ቆንስላ በር ላይ ታስቆማለች። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አጥሩ፦ ስማችሁ በሁሉም ሰነድ አንድ ይሁን፣ ቀኖቻችሁ አይጋጩ፣ እናንተ በሌላችሁበት ማን እንደሚፈርም ይታወቅ። የቀረው የክፍያና የቀጠሮ ጉዳይ ነው።

ስም

ወሎ ውስጥ በስም ጉዳይ የሚጎዳ ብዙ ነው። መሐመድ የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ከኤም ቀጥሎ ኦ ያደርጋል፣ ሌላው ዩ፤ አንዱ መሐል ላይ ኤሙን ይደግማል፣ ሌላው አይደግምም፤ መጨረሻውም አንዴ ኤዲ ሌላ ጊዜ ኢዲ ይሆናል። ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ከድር፣ ፋጡማም እንደዚሁ ናቸው። በአማርኛ አንድ የሆነው ስም ኮምፒዩተር ላይ አራት ሰው ይሆናል።

መነሻ የሚሆነው ከሁሉ የቀደመው በላቲን የተጻፈ ሰነዳችሁ ነው። ትምህርት ቤት የገባ ሰው የክፍል ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት አለውና አጻጻፉን ከዚያ ይውሰድ፤ ሰርተፊኬቱን ማስለወጥ ከሁሉ ከባድ ነው። ያንን አጻጻፍ በወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፋችሁ ያዙ። ፋይዳ ስትመዘገቡም፣ የልደት ሰርተፊኬት ስታወጡም፣ የፓስፖርት ማመልከቻ ስትሞሉም ያንኑ ወረቀት አሳዩ። «እንደፈለግህ ጻፈው» አትበሉ። ኢንተርኔት ካፌ ያለው ልጅ በቀን ስንቱን ይሞላል፤ የእናንተን ስም የሚጽፈው ለእጁ እንደቀናው ነው። «ላክ» የምትለውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ስክሪኑን ወደ እናንተ አዙሩና ፊደል በፊደል አንብቡ። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

ፓስፖርቱ ሲሰጣችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ የፎቶውን ገጽ ግለጡ። ከታች በኩል በቀጭን ፊደል የተጻፉ፣ በቀስት መሰል ምልክቶች የተሞሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ እያንዳንዱ 44 ቦታ አለው። የአየር ማረፊያ ማሽን የሚያነበው እነዚያን ነው። በመጀመሪያው መስመር ከአገር መለያው ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ይመጣል፣ ከዚያ ሁለት ቀስት፣ ከዚያ የራስ ስም። ትኬት ስትቆርጡ፣ የሥራ ውል ስትፈርሙ፣ ባሕር ማዶ ባንክ ስትከፍቱ ስማችሁን ከዚያ መስመር ገልብጡ። የእኛ አገር ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሆኖ ሳለ የውጭ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት የሞላ ሰው ደሞዝ የሚገባበትን ሂሳብና ኢቃማውን (የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዱን) ማዛመድ ያቅተዋል።

ስህተት ካያችሁ እዚያው ተናገሩ። ስሙ ወይም ዕድሜው የተበላሸው ከልደት ሰርተፊኬቱ ጀምሮ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ጊዜም ይወስዳል። ባሕር ማዶ ሆኖ ይህን ማስጨረስ ደግሞ ውክልና፣ ጠበቃና ምስክር ይፈልጋል።

ቀን

የኛ ዓመት ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ይለያል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ድረስ የተወለደ ሰው 7 ይደምራል፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን ያለው 8። ኅዳር 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ኖቬምበር 14 ቀን 1997 ነው። ጥር 5 ቀን 1990 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1998 ይሆናል። ሁለቱም ላይ 7 የሚደምር ጸሐፊ አንዱን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። ከዚህ የባሰው ወሩን ሳይቀይር ዓመቱን ብቻ የሚቀይር ነው።

ቀኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው ቀኑን የሚያገኘው ከወላጅ ቃል፣ ከክርስትና ካርድ ወይም ከትምህርት ቤት መዝገብ ነው። አንዴ የመረጣችሁትን ቀን አትቀያይሩ። ደላላ «ዕድሜ ላስጨምርልሽ» ሲል የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሹ ጉዳት ነው። ያ የተጨመረ ዕድሜ ፋይዳ ላይ ካለው፣ ከትምህርት ማስረጃውና ከእናት አባት ምዝገባ ጋር ሲጋጭ ዕድሜ ልክ ይከተላል።

ሳዑዲ ስትገቡ ሦስተኛ ዘመን አቆጣጠር ይጨመራል። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፈረንጁ በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ቀኑ በሂጅራ የተጻፈ የሁለት ዓመት ወረቀት በፈረንጅ ካሰባችሁት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሞታል። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትሞሉ መጀመሪያ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ እዩ።

ፓስፖርትና ሌሎች ሰነዶች

የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው የኮምቦልቻ ሰውም 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፤ ለፓስፖርት አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልግም። ቅደም ተከተሉ ፋይዳ፣ ከቀበሌ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከዚያ በኦንላይን ማመልከትና መክፈል፣ በቀጠሮ ቀን አሻራና ፎቶ ነው። መደበኛው ክፍያ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ወደ 5,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የአስቸኳዩ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቪዛ ሳይመጣ በፊት ያመለከተ ሰው የአስቸኳዩን ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ያስቀራል።

የትምህርት ማስረጃችሁን የምትጠቀሙበት ሥራ ከሆነ ሰንሰለቱ ረዘም ይላል። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ለምሳሌ መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲው፣ ቀጥሎ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከዚያ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻ ከምትሄዱበት አገር ኤምባሲ ይረጋገጣል። አንዱን ዘሎ ቀጣዩ ጋ መቅረብ ወደ ኋላ ያስመልሳል። የጋብቻና የልደት ሰርተፊኬትም ቤተሰብ ለማስመጣት ሲፈለጉ ይህንኑ መንገድ ይከተላሉ፤ መነሻቸው ብቻ ይለያል። የመጨረሻዎቹ ማህተሞች አዲስ አበባ ናቸውና 400 ኪሎ ሜትሩን ደጋግሞ ላለመመላለስ ሁሉንም በአንድ ጉዞ አድርጉት። የማታስቡትንም ሰነድ አብራችሁ አስረጋግጡ፤ ዛሬ የላጤነት ማስረጃ የማትፈልግ ልጅ ነገ ልታገባ ትችላለች።

ለቤት ሠራተኝነትና ለመሰል ሥራ የሚሄድ ሰው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ይመዘገባል፤ ሥልጠና ወስዶ የብቃት ማረጋገጫ ይይዛል። ማን ምን እንደሚከፍል አዋጅ 923/2008 ለይቶታል። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የብቃት ማረጋገጫ የሠራተኛው ናቸው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ ደግሞ የአሠሪው። ኤጀንሲ ወይም ደላላ «የቪዛ» ብሎ ገንዘብ ከጠየቀ አስቁሙት። የሕክምና ምርመራውን ደግሞ ቪዛው ሳይቀርብ ቀድማችሁ አትሥሩ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ቪዛው ሲዘገይ እንደገና ያስከፍላል።

በባቲ አድርጎ በአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በየመን ወደ ሳዑዲ ስለሚገባው መንገድ የሕይወቱ አደጋ በሰፊው ተነግሯል። ከወረቀት አንጻር ደግሞ የመግቢያ ማህተም የሌለው ሰው ኢቃማ አያወጣም፤ ሲባረር አሻራ ይሰጣል፤ ያ አሻራ ከዓመታት በኋላ በሕጋዊ ቪዛ ሲሄድ አየር ማረፊያ ላይ ይጠብቀዋል።

ሳዑዲና ኤምሬትስ ከገቡ በኋላ

ሳዑዲ በገባችሁ በ90 ቀን ውስጥ አሠሪው ኢቃማ ሊያወጣላችሁ ይገባል። ኢቃማው ሲወጣ መጀመሪያ የሚሠራው አብሸር በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኦንላይን አገልግሎት ላይ በራስ ስልክ ቁጥር መመዝገብ ነው። የከፊሉን (ስፖንሰር የሆነውን አሠሪ) ወይም የዘመድን ቁጥር ያስመዘገበ ሰው የራሱን ወረቀት ማየት አይችልም። በየወሩ አንድ ጊዜ ገብታችሁ የኢቃማውን ማብቂያና «ሁሩብ» ተብላችሁ እንዳልተመዘገባችሁ እዩ። ሁሩብ ማለት ከፊሉ «ጠፍቷል» ብሎ ማመልከቱ ነው፤ በጊዜው ያልተቃወሙት ሁሩብ ሥራ መቀየርንም አገር መግባትንም ይዘጋል።

ኢቃማ ሳይታደስ ካለፈ ቅጣቱ መጀመሪያ 500 ሪያል፣ ሁለተኛ ጊዜ 1,000 ሪያል፣ ሦስተኛ ጊዜ መባረር ነው። በሳዑዲ የሥራ ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት የኢቃማና የሥራ ፈቃድ ክፍያ፣ ማደሻውና በመዘግየቱ የሚመጣው ቅጣት የአሠሪው ዕዳ ነው። የቤት ሠራተኞች ግን በዚያ ሕግ ሳይሆን በራሳቸው ደንብ ይተዳደራሉ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2021 የመጣው ያለ ከፊል ፈቃድ ሥራ የመቀየር ማሻሻያም የቤት ሠራተኞችን አልጨመረም። «እገሌ ቀይሯል እኮ» ሲባል እገሌ የኩባንያ ሠራተኛ መሆኑን ጠይቁ።

ለእረፍት ስትመጡ መውጫና መመለሻ ቪዛ (ኹሩጅ ወ ዓውዳ) ለአንድ ጉዞ እስከ ሁለት ወር 200 ሪያል ነው፤ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ወር 100 ሪያል። እዚህ ሰርግ ወይም ለቅሶ ሲያዘገይ ማራዘም የሚችለው አሠሪው ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ሲጠብ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደውሉ። ጨርሶ ለመመለስ የሚሰጠው ኹሩጅ ኒሃኢ ከወጣ በኋላ 60 ቀን ብቻ ይሠራል። ሳይወጡበት ሳይሰረዝም ካለፈ 1,000 ሪያል ያስቀጣል።

ኤምሬትስ ላይ ዋናው ወጥመድ ቪዚት ቪዛ ነው። በቪዚት ገብቶ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፤ ጊዜው ካለፈ በቀን 50 ድርሃም ይቆጠራል። የመኖሪያ ቪዛ ያለው ሰው ደግሞ በተከታታይ ከ180 ቀን በላይ ከኤምሬትስ ውጭ ከቆየ በመደበኛው ሕግ ቪዛው ይሞታል። ወላጅ ለማስታመም ደሴ መጥቶ ሰባተኛ ወሩን የያዘ ሰው ዱባይ ያለው ሥራ ብቻ ሳይሆን መግቢያውም ያበቃል።

ፓስፖርት ባሕር ማዶ የሚታደሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ሲሆን የሚታተመው ግን አዲስ አበባ ነው። ኢቃማም ቪዛም ለማደስ አብዛኛው አገር ቢያንስ 6 ወር ቀሪ ያለው ፓስፖርት ይፈልጋል። የአምስት ዓመት ፓስፖርት ስለዚህ በተግባር አራት ዓመት ተኩል ነው፤ አንድ ዓመት ሲቀረው ማመልከት ጤናማ ነው። ፓስፖርቱ ከፊሉ እጅ ከሆነ የፎቶውን ገጽ፣ የቪዛውን ገጽና የመግቢያ ማህተሙን ፎቶ አንስታችሁ ደሴ ላለ ሰው ላኩ። ፓስፖርት የጠፋበት ሰው ቆንስላ ሲቀርብ ማንነቱን የሚያሳየው በዚያ ኮፒና በፋይዳ ቁጥሩ ነው። ሌሴ ፓሴ ወደ አገር ለመመለስ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ነው፤ በሱ ሥራም ኢቃማም የለም።

ውክልና

ከመውጣታችሁ በፊት ደሴ ላይ የምትሰጡት ውክልና በአንድ ቀን ያልቃል። ከሪያድ የምትልኩት ደግሞ ኤምባሲ ቀርቦ፣ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ ደሴ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ ቀድማችሁ ስጡ፤ ግን ጽሑፉን አንብቡ።

«በማናቸውም ጉዳይ እንዲወክለኝ» የሚል ውክልና ብዙ ሰው ሁሉን የሚችል ይመስለዋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት እንዲህ ያለ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ማከራየት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ግብር መክፈል ይችላል። ቁጥር 2205 ደግሞ ቤት መሸጥን፣ ማስያዝን፣ መስጠትን፣ መታረቅንና ፍርድ ቤት መክሰስን በልዩ ውክልና ብቻ ይፈቅዳል። ወንድማችሁ ቤቱን እንዲያከራይ ብቻ ከፈለጋችሁ ጠቅላላው ይበቃል፤ ይሽጥ የሚለውን ቃል አታስገቡ። ጸሐፊ ቤት ያለው የተዘጋጀ ቅጽ «ለመሸጥ ለመለወጥ» የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ ከነጭራሹ ይዞት ይመጣል። ያንን መስመር አሰርዙ። ቤተሰብን የሚያፋርሰው ይቺው መስመር ናት።

ያገባችሁ ከሆነ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባልም ሚስትም ባሕር ማዶ ካላችሁ ሁለት ውክልና ነው። ወካዩ ወይም ተወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ለአንድ ሽማግሌ አባት ብቻ ሰጥቶ መሄድ ለዚህ አይበቃም፤ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ። ተወካዩን ስትሽሩም ለሱ በስልክ መናገር አይበቃም። ውክልናው የተመዘገበበት መሥሪያ ቤትና ሲገለገልበት የነበረው ባንክ በጽሑፍ ይወቁ።

ግብር

ከዐረብ አገር ለእናት ለአባት የሚላክ ገንዘብ የገቢ ግብር የለበትም። ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው ግብር ደሴ ላይ ትታችሁት ከሄዳችሁት ነገር የሚመጣ ነው።

አንደኛው ያልተመለሰ ንግድ ፈቃድ ነው። ሱቅ ዘግቶ የሄደ ሰው ፈቃዱን ካልመለሰና የግብር መለያ ቁጥሩን ካላሳገደ ገቢዎች ሱቁ እንዳለ ቆጥሮ በግምት መጠየቁን ይቀጥላል። በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ያላስታወቀ ሰው ባልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 ከመቶ፣ እስከ 25 ከመቶ ይቀጣል። በመዘግየቱ ደግሞ የመጀመሪያው ወር 5 ከመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 ከመቶ፣ ወለድም ለብቻው አለ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የመጣ ሰው ከዋናው ግብር የበለጠ ቅጣት ቢያገኝ አይገርምም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዕዳውን ከፍሎ ክሊራንስ መውሰድ፣ ፈቃዱን መመለስ፣ የመለሱበትን ደብዳቤ ኮፒ ይዞ መውጣት። ሱቁን ወንድም የሚቀጥልበት ከሆነም በእናንተ ስም አይቀጥል፤ በሱ ስም ይዙር።

ሁለተኛው የቤት ኪራይ ነው። ሰኞ ገበያ ወይም ሙጋድ ሰፈር ያለ ቤት ተከራይ ከገባበት የኪራይ ገቢ ግብር አለው፤ ባለቤቱ ባሕር ማዶ መሆኑ አያድነውም። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ መክፈያው ሐምሌ 1 ይከፈታል። ተወካያችሁ ሐምሌ ሳያልቅ ይክፈል፤ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። የከተማው የቦታና የቤት ግብርም ከዚህ የተለየ ክፍያ ነው፤ አንዱን የከፈለ ሌላውን የከፈለ እየመሰለው ብዙ ዕዳ ይከማቻል። ቤቱን ለመሸጥ በተነሳችሁ ቀን ያ ሁሉ በአንድ ላይ ይወጣል፤ ያለ ክሊራንስ ስም አይዞርም።

ስለ ደሞዙ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ኳታር ከሠራተኛ ደሞዝ የገቢ ግብር አይቆርጡም፤ ኦማን ብቻ እ.ኤ.አ. ከ2028 ጀምሮ በዓመት ከ42,000 የኦማን ሪያል በላይ ለሚያገኙ 5 ከመቶ ደንግጋለች፤ የቤት ሠራተኛን አይነካም። ሳዑዲ ውስጥ ግን ሚስትና ልጅ ያመጣ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 400 ሪያል ይከፍላል፤ ሁለት ልጅና ሚስት ማለት በዓመት 14,400 ሪያል ነው። ቤተሰብ ከማስመጣት በፊት ይህን ደምሩ።

በኢትዮጵያ ሕግ፣ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008፣ ቋሚ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው። ነዋሪ ደግሞ ከየትም ባገኘው ገቢ ግብር ይታሰብበታል፤ ውጭ የከፈለው ይቀነስለታል። ስለዚህ ደሴ ተቀምጣችሁ በኢንተርኔት ለውጭ ድርጅት የምትሠሩ ከሆነ «ገንዘቡ ከውጭ ነው» ማለት አያስመልጥም። ባሕር ማዶ የምትኖሩ ደግሞ የሥራ ውላችሁን፣ የኢቃማ ኮፒና የመግቢያ መውጫ ማህተሞችን ጠብቁ። የት እንደኖራችሁ የሚያስረዱት እነሱ ናቸው።

አሜሪካ በዲቪ የሄደ ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው የትም ይኑር ከዓለም ዙሪያ ያገኘውን ገቢ ለአሜሪካ ያስታውቃል፤ የደሴው ቤት ኪራይም ይገባበታል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦቹ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለብቻው ማስታወቅ አለበት። ከአንድ ዓመት በላይ አገር ቤት መቆየት የፈለገ ሰው ከመውጣቱ በፊት፣ አሜሪካ እያለ፣ የመመለሻ ፈቃድ ያመልክት፤ ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ 378/1996 የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። አሮጌውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ መመላለስ ያጋልጣል። ለዚህ የተበጀው በአዋጅ 270/1994 የመጣው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። ባሕር ማዶ የተወለደ ልጅ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከሆነ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የሆስፒታሉን የልደት ወረቀት ይዛችሁ በቶሎ ቆንስላ አስመዝግቡት። የልጁን የአባትና የአያት ስም በዚያ ወረቀት ላይ ስታስጽፉ በፓስፖርታችሁ እንዳለው ይሁን፤ ያለዚያ አባትና ልጅ የተለያየ ስም ይዘው ቦሌ ይደርሳሉ።